ከቀለሙ ሥር

ባለፈው ዓመት፣ ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከወጣት ኅብረታችን ልጆች አንዱ የብስክሌት ፍሬም በትከሻው ተሸክሞ ሐዋሳ ያለው ቤቴ መጣ። ጎማ የለው፣ ኮርቻ የለው፣ ፔዳል የለው፤ የቀረው የብረት ቱቦዎቹና የፊት ሹካው ብቻ ነው። የአያቱ ብስክሌት ነበር። አያቱ በወጣትነታቸው አሥመራ ሠርተው ሲመለሱ ያመጡት፣ ከዚያም ለብዙ ዓመታት ሥራ ሲመላለሱበት የኖሩት ነው። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ጓሮ ውስጥ ከቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ ቆይቷል።

«መምህር፣ ቀለም ገዝቻለሁ፤ ቀይ» አለኝ። «ጎማውንና ፍሬኑን ከጓደኞቼ ጋር አዋጥተን እንገዛለን። ለፋሲካ እረፍት ሁላችንም ሻሸመኔ ድረስ እንነዳለን።»

ሐሳቡን ወደድኩት። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን፣ ቀለሙን ረጭተን፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ የምንጨርሰው ሥራ መሰለኝ። ከመጀመራችን በፊት ግን የኩሽኔታውን ልክ ለመጠየቅ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብስክሌት ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ይዘነው ሄድን። ሽማግሌው ስለ ኩሽኔታው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ፍሬሙን ገለበጡት፤ ከመሪው ወደ ፔዳሉ የሚወርደውን ቱቦ ከታች በኩል በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ በመፍቻ ጫፍ ቀስ እያሉ መቱት። ብረቱ እንደ ደወል ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ ቆየና አንድ ቦታ ላይ ታፈነ።

«እዚህ ጋ ስቱኮ አለ» አሉ።

በቢላ ሲፍቁት ስቱኮው እንደ ደረቀ ጭቃ ተቀርፎ ወደቀ። ከሥሩ ብረቱ ተሸብሽቧል። በሽብሽቡ ላይ ደግሞ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ የቱቦውን ሲሶ ያህል ዞሮታል።

«ልጄ፣ በዚህ ቁልቁለት ብትወርድ ኖሮ መሪው እጅህ ላይ ይቀር ነበር። አንተ የት እንደምትቀር ግን እንጃ» አሉት።

ልጁ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ፤ ቀለሙን ለመርጨት ከእርሱ ይልቅ የቸኮልኩት እኔ ነበርኩና።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ አሮጌ የብረት ብስክሌቶች ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩትን የማካፍላችሁ ሁላችሁም ብስክሌት ጠጋኝ እንድትሆኑ አይደለም። አንድ ጥያቄ ስላልለቀቀኝ ነው፤ የተሰበረ ነገር ሲጠገን ስብራቱ ምን ይሆናል? በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቱቦው ከየት መጣ

ዛሬ የምናውቀው ብስክሌት መልኩን የያዘው በእንግሊዝ አገር፣ ኮቨንትሪ በምትባል የፋብሪካ ከተማ ነው። በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ «ሮቨር» የተባለውን ብስክሌት ሠራ። ከዚያ በፊት በስፋት የተለመደው ብስክሌት የፊት ጎማው ግዙፍ፣ የኋላው ትንሽ ነበር። ነጂው ከግዙፉ ጎማ በላይ ስለሚቀመጥ ጎማው ድንጋይ ሲመታ በአናቱ ይተከላል። ስታርሊ ሁለቱን ጎማዎች በመጠን አቀራረባቸው፤ ፔዳሉንም በካቴና ከኋላው ጎማ ጋር አገናኘው። ብዙ ሳይቆይ ፍሬሙ ዛሬም የምናየውን ቅርጽ ያዘ፤ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች የኮርቻውን ቱቦ ተጋርተው የተጋጠሙበት ቅርጽ።

ቅርጹ ከታወቀ በኋላ የቀረው ጥያቄ ክብደት ነበር። ወፍራም ቱቦ አይሰበርም፤ ግን ዳገት ላይ ነጂውን ይገድለዋል። ስስ ቱቦ ቀላል ነው፤ ግን ይሰበራል። በርሚንግሃም ውስጥ ምስማር ይሠራ በነበረ የቤተሰብ ድርጅት የነበረው አልፍሬድ ሬይኖልድስ በ1897 ለዚህ መላ አስመዘገበ። ቱቦ ጭንቀት የሚበዛበት ከሌላው ቱቦ በሚጋጠምበት ጫፉ ላይ እንጂ መሐሉ ላይ አይደለም። ስለዚህ ከውጭ ሲታይ ወጥ የሆነ፣ ከውስጥ ግን ጫፎቹ ወፍራም፣ መሐሉ ስስ የሆነ ቱቦ ሠራ። በ1935 ይኸው ድርጅት ማንጋኒዝና ሞሊብዲነም ከተቀላቀለበት ብረት የተሠራውን «531» የተባለውን ቱቦ አወጣ። በኢጣሊያ ደግሞ አንጄሎ ሉዊጂ ኮሎምቦ በ1919 ሚላን ውስጥ የመሠረተው ድርጅት በኋላ «ኮሎምበስ» በሚል ስም የታወቁትን የብስክሌት ቱቦዎች ሠራ። ለብዙ አሥርት ዓመታት የአውሮፓ እሽቅድድም ብስክሌቶች በአመዛኙ ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው ቱቦዎች የተሠሩ ነበሩ።

ስስ ሲባል ምን ያህል ነው? «ኤስ ኤል» የተባለው የኮሎምበስ ቱቦ ግድግዳው ጫፉ ላይ 0.9 ሚሊ ሜትር፣ መሐሉ ላይ 0.6 ሚሊ ሜትር ነው። ከጣታችሁ ጥፍር ብዙም አይወፍርም። በዚያ ላይ ተቀምጦ ነው ሰው በተራራ ቁልቁለት የሚከንፈው።

እጅጌ፣ ናስና እሳት

አሁን ቱቦዎቹ እንዴት እንደሚጋጠሙ እንይ፤ የጥገናው ምሥጢር ያለው እዚህ ነው።

የድሮው ባለሙያ ቱቦዎቹን በቀጥታ አይበይዳቸውም ነበር። በየማዕዘኑ አጭር የብረት እጅጌ አለ። የቱቦው ጫፍ በሞረድ ተሞርዶ ከሚገጥመው ቱቦ ጋር ልክ ለልክ ይደረግና እጅጌው ውስጥ ይገባል። በእጅጌውና በቱቦው መካከል የሚቀረው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ እጅ ብዙም አይበልጥም። ከዚያ ብረቱ በእሳት እንዳይቃጠል ቦራክስ ይቀባና መጋጠሚያው በጋዝ እሳት ይግላል። ቀይ ሲሆን የናስ ዘንግ ያስነኩታል። ናሱ ይቀልጥና ጋዝ በኩራዝ ክር ሽቅብ እንደሚሳብ በዚያች ጠባብ ክፍተት ራሱ እየተሳበ ይገባል። ሲቀዘቅዝ ሁለቱ ብረቶች አንድ ይሆናሉ።

ልብ በሉ፤ ብረት የሚቀልጠው ወደ 1500 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው። ናሱ የሚቀልጠው በ900 ገደማ ነው። በብር የተሠራ የብየዳ ዘንግ ከሆነ ደግሞ ከ600 እስከ 700 ባለው ይቀልጣል። ስለዚህ በዚህ ሥራ ውስጥ ቱቦው ራሱ ከቶ አይቀልጥም። የኤሌክትሪክ ብየዳ ግን ብረቱን ራሱን አቅልጦ ነው የሚያያይዘው። ሽማግሌውን «በኤሌክትሪክ ቢበየድስ?» ብዬ ስጠይቃቸው የሳቁት ለዚህ ነበር። ያን ያህል የሳሳ ቱቦ ሳይጠነቀቁ ከነኩት ይበሳል፤ ቢያያዝም ከብየዳው ጎን ያለው ብረት ተጎድቶ ይቀራል።

በናስ የተያያዘ መጋጠሚያ አንድ ሌላ ጸጋ አለው። ያያያዘው እሳት ተመልሶ ሊፈታው ይችላል። እጅጌው እንደገና ሲግል ናሱ ይለሰልሳል፤ የተጎዳው ቱቦ ይወጣል፤ በቦታው አዲስ ቱቦ ይገባል፤ የቀሩት ቱቦዎች እንዳሉ ይቆያሉ። እነዚያ የእጅ ባለሙያዎች ፍሬሙን ሲሠሩ፣ አስበውትም ሆነ ሳያስቡት፣ አንድ ቀን ሲሰበር የሚጠገንበትን በር አብረው ሠርተውለታል።

ወደ እኛ እንዴት ደረሰ?

ጋራዥ ገብታችሁ የምትሰሙትን ቃል አስቡት፤ ኩሽኔታ፣ ካቴና፣ ሞርሳ፣ ስቱኮ። ሁሉም የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። ሙያው በየት በኩል እንደመጣ ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። የኢጣሊያ ቅኝ ግዛት በነበረችው ኤርትራ፣ በተለይም በአሥመራ፣ ብስክሌት የከተማው ሕይወት አካል ሆነ። የመጀመሪያው የኤርትራ ዙር የብስክሌት ውድድር የተካሄደው በ1946 ነው። ኤርትራ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተቀላቀለች። ኢትዮጵያ በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ። እንግዲህ ከአሥመራ በባለቤቱ ተይዞ ሐዋሳ የገባ የጣሊያን ብስክሌት እንግዳ ነገር አይደለም።

ግን የጣሊያን መሆኑን በምን አወቅን? በፍሬሙ ላይ ስም አልነበረበትም። ሽማግሌው ስም አልፈለጉም፤ ካሊፐር አነሱ። ፔዳሉ የሚዞርበት የታችኛው ቤት ስፋቱ 70 ሚሊ ሜትር ሆነ። የእንግሊዙ 68 ነው። የእንግሊዙ ቤት በካቴናው በኩል ያለው ጥርሱ ወደ ግራ የሚጠብቅ ሲሆን የጣሊያኑ በሁለቱም በኩል ወደ ቀኝ ይጠብቃል። የኛው ሁለቱም ወደ ቀኝ ነበር። የኋላው ጎማ የሚገባበት ክፍተት ደግሞ 120 ሚሊ ሜትር ሆነ። ይህ ከኋላ አምስት ጥርሳማ ጎማዎች ብቻ በነበሩበት ዘመን የተለመደ ልክ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ስድስት ሲሆኑ 126፣ ከዚያም በኋላ 130 የተለመደ ሆኗል።

እንዲያውም ስም ተጽፎበት ቢሆን ኖሮ ስሙን ለማመን መጠንቀቅ በተገባን ነበር። በሚላኑ የቪጎሬሊ የብስክሌት መወዳደሪያ ሜዳ ሥር ሱቅ የነበረው ፋሊዬሮ ማዚና እርሱን የመሰሉ ባለሙያዎች ለታላላቅ ብስክሌተኞች ፍሬም ይሠሩ ነበር። ብስክሌተኛው ግን ለሚከፍለው ድርጅት ስለሚወዳደር ፍሬሙ የሚቀባው በዚያ ድርጅት ቀለምና ስም ነበር። ቀለሙ አንድ ስም ይናገራል፤ የእጅጌው አሞራረድና የቱቦው አቆራረጥ ሌላ ስም ይናገራል። የሚያውቅ ሰው የሚያምነው ሁለተኛውን ነው።

መጠገን ማለት ምን ማለት ነው?

ብስክሌት ፊት ለፊት ሲጋጭ ጉዳቱ የሚደርስበት ቦታ ይታወቃል። የፊት ሹካው ወደ ኋላ ይገፋል፤ ግፊቱ ወደ ቱቦዎቹ ያልፋል፤ ከመሪው እጅጌ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ፣ ወፍራሙ ጫፍ አልቆ ስሱ በሚጀምርበት ቦታ፣ ብረቱ ከሥር በኩል ይሸበሸባል። ሹካውን አቅንቶ፣ ሽብሽቡን ሞልቶ ቀለም መቀባት ይቻላል። ለዓይን ይድናል። ነገር ግን አንድ ጊዜ የታጠፈ ስስ ብረት ንዝረት በመታው ቁጥር ይደክማል፤ ከዓመታት በኋላ ስንጥቅ ይጀምራል። ስንጥቁም ከስቱኮው ሥር ሆኖ ማንም ሳያየው ያድጋል።

እውነተኛው ጥገና ረጅም ነው። መጀመሪያ ፍሬሙ ፎቶ ይነሣል፤ ልኮቹ ይመዘገባሉ። የአሉሚኒየሙ የኮርቻ ዘንግ ብዙ ጊዜ ከብረቱ ቱቦ ጋር በዝገት ተጣብቆ ስለሚገኝ ዘይት እያጠጡ ለቀናት መታገሥ ያስፈልጋል፤ በኃይል የጠመዘዘው ሰው ጤነኛ የነበረውን ቱቦ ይሰብራል። ቀጥሎ ክር ከኋላ ጎማ መያዣው በአንዱ በኩል ታስሮ፣ በመሪው ቱቦ ዞሮ፣ በሌላው በኩል ወደ ኋላ ይመለሳል። ከክሩ እስከ ኮርቻው ቱቦ ያለው ርቀት በግራና በቀኝ እኩል ካልሆነ ፍሬሙ ጠሟል ማለት ነው። ይህን መለኪያ እናንተም ቤት ውስጥ በስፌት ክር ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እሳቱ የሚለኮሰው። የተጎዳው ቱቦ ይወጣል፤ እጅጌው ከአሮጌው ናስ ይጸዳል፤ ያው ስፋትና ያው ውፍረት ያለው ቱቦ ተሞርዶ ይገባል፤ ጎረቤት ያለው መጋጠሚያ እንዳይላላ ብዙ ጊዜ በዝቅተኛ ሙቀት በሚቀልጠው ብር ይያያዛል። ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔም ዘግይቼ የተማርኩት ስለሆነ። ከእኛ ታሪክ ተነሥታችሁ «ቀለም ሁሉ ውሸታም ነው፤ ይፋቅ» እንዳትሉ። የመጀመሪያው ቀለም ራሱ ምስክር ነው። የሠሪው እጅ፣ የዘመኑ መልክ፣ የባለቤቱ ጉልበት ያሻሸበት ቦታ ሁሉ እዚያ ላይ ተጽፏል። አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ መፋቅ ያለበትን ብቻ ይፍቃል፤ ሽማግሌው ሙሉውን ፍሬም ሳይነኩ አንድ ስንዝር እንደፋቁት ማለት ነው። የሙያው ትልቁ ጥበብ የሚመሰክረውን ቀለም ከሚሸፍነው ቀለም መለየት ነው።

ቱቦው ውስጥ የተደበቀው

የብስክሌት ቱቦ ሌላም ነገር ደብቆ ያውቃል።

ጂኖ ባርታሊ በ1914 በፍሎሬንስ አጠገብ፣ ፖንቴ አ ኤማ በምትባል መንደር ተወለደ። በልጅነቱ በመንደሩ ብስክሌት መጠገኛ ቤት ሠርቷል። የኢጣሊያን ዙር ውድድር ሦስት ጊዜ፣ ቱር ደ ፍራንስን በ1938 እና በ1948 አሸንፏል። በሁለቱ የፈረንሳይ ድሎች መካከል ያለው የ10 ዓመት ክፍተት አብዛኛው በጦርነት ያለፈ ነው።

በሴፕቴምበር 1943 የጀርመን ጦር የኢጣሊያን ሰሜንና መካከለኛ ክፍል ሲይዝ አይሁዳውያን እየታደኑ ወደ ሞት ካምፖች ይጋዙ ጀመር። በፍሎሬንስ የካቶሊኩ ካርዲናል ኤሊያ ዳላ ኮስታና ረቢ ናታን ካሱቶ የተባበሩበት የምሥጢር መረብ የተሳደዱትን መደበቅና ሐሰተኛ የመታወቂያ ወረቀት ማዘጋጀት ያዘ። ባርታሊ አጥባቂ የካቶሊክ እምነት ተከታይ ነበር። እንደሚተረከው ለውድድር የሚለማመድ መስሎ ከፍሎሬንስ እስከ አሲሲ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ እየነዳ፣ ፎቶግራፎችንና ሰነዶችን ጠቅልሎ በፍሬሙ ቱቦ ውስጥ ያመላልስ ነበር። የኮርቻው ዘንግ ሲወጣ ከሥሩ ያለው ቱቦ ክፍት ነው፤ ወረቀት ይገባል፤ ዘንጉ ሲመለስ ምንም አይታይም። ታዋቂ ሻምፒዮን በራሱ መንገድ ላይ ሲለማመድ ማን ይጠረጥራል? ከዚህም ሌላ አንድ የአይሁድ ቤተሰብ በፍሎሬንስ ሸሽጎ እንዳዳነ የቤተሰቡ ልጅ አድጎ መስክሯል።

ባርታሊ እስከ ሞተበት እስከ 2000 ድረስ ስለዚህ ሥራው በአደባባይ ብዙም አላወራም። ኢየሩሳሌም የሚገኘው ያድ ቫሼም ካርዲናሉን በ2012፣ ባርታሊን ደግሞ በ2013 አይሁዳውያንን ከሞት ካዳኑ ጻድቃን ጋር ቆጥሯቸዋል። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ የታሪክ ተመራማሪዎች ጉዞዎቹ በተተረኩት ልክ ለመደረጋቸው በቂ ማስረጃ አለ ወይ ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው ቅር ሊያሰኘን አይገባም። በምሥጢር የተሠራ ሥራ ወረቀት አይተውም፤ ሠሪው ደግሞ ዝም ሲል ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሰው ምስክር ፍለጋ ይንከራተታል። በጎ ሥራውን አለማውራቱ ትሕትና ነው። ሆኖም ዝምታ፣ የትሕትናም ቢሆን፣ ለሚቀጥለው ትውልድ ዋጋ ያስከፍላል።

ሳይጠገን የተሰቀለው

በሰሜን ኢጣሊያ፣ ከኮሞ ሐይቅ በላይ ባለ ኮረብታ ላይ፣ የጊዛሎ ማርያም የምትባል ትንሽ የካቶሊክ ጸሎት ቤት አለች። በ1949 የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ የብስክሌተኞች ጠባቂ ብለው ሰየሟት። ግድግዳዋ ላይ የባርታሊን ጨምሮ የታላላቅ ብስክሌተኞች ብስክሌቶች ተሰቅለዋል። ከእነዚህ መካከል አንዱ የተጨማደደ ነው። የኮሞው ተወላጅ የፋቢዮ ካዛርቴሊ ብስክሌት ነው። ካዛርቴሊ በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ፣ በጁላይ 1995 በቱር ደ ፍራንስ ላይ ከፖርቴ ዳስፔ ተራራ ቁልቁለት ሲወርድ ወድቆ በ24 ዓመቱ የሞተ ወጣት ነበር።

በዚያ አገር የተጨማደደን ብስክሌት እንደ አዲስ የሚያደርግ ባለሙያ አይታጣም። አልጠገኑትም። ይህ ብስክሌት ከእንግዲህ ማንንም አይሸከምም፤ ሥራው የሆነውን መናገር ነው፤ ቢቀና ኖሮ የሚናገረው ባልኖረው ነበር። አንዳንድ ስብራት እንዳለ የሚሰቀልበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ስቱኮውን ማን ሞላው?

ወደ ሐዋሳው ፍሬም ልመለስ። ልጁ ከሽማግሌው ቤት እንደተመለሰ ተናዶ ነበር። «አያቴን ያታለለ ሰው አለ። የተሰበረ ብስክሌት ቀብተው ሸጠውላቸዋል» አለኝ። እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ማታ ለእናቱ ሲነግራት ግን እናቱ ረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ እንዲህ አለችው፦

«ማንም አላታለለውም። እኔ ልጅ ሳለሁ አባዬ ከጋሪ ጋር ተጋጭቶ ነበር። ያኔ ሰው ፈልጎ አስሞላው፤ ሌላ ብስክሌት የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረንም። ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ሲደርስ ወርዶ በእግሩ ይገፋው ነበር። እኛ ልጆቹ ‹አባዬ ፈሪ ነው› እያልን እንስቅበት ነበር።»

ልጁ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተቆራረጠ። አያቱ ስብራቱን ያውቁ ነበር። በዕድሜያቸው ሙሉ ስብራቱን ተጠንቅቀው፣ ቁልቁለቱን በእግራቸው እየወረዱ፣ ልጆቻቸውን አሳደጉበት። ስቱኮው ለእርሳቸው ውሸት አልነበረም፤ እርሳቸው ከሥሩ ያለውን ያውቁታልና። ግን ለማንም አልነገሩም። እውቀቱ ከእርሳቸው ጋር ተቀበረ፤ ስቱኮው ግን ቀረ። ለአያት ችግር የተገኘ መላ ለልጅ ልጅ ወጥመድ ሊሆን የቀረው አንድ ጣሳ ቀይ ቀለም ብቻ ነበር።

ለጥያቄዬ ያገኘሁት መልስ ከዚህ የመጣ ነው። ስብራትን የሚያጠፋ ጥገና የለም። አዲስ ቱቦ ቢገባም እንኳ «ይህ ቱቦ በዚህ ዓመት፣ በዚህ ምክንያት ተለውጧል» ብሎ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። ስብራት በምሥጢር ከተሸፈነ ከሽፋኑ ሥር ያድጋል፤ ከተነገረ ግን የሚቀጥለው ሰው የት ላይ መጠንቀቅ እንዳለበት ያውቃል። በየቤታችሁ አያቶች አሉ። ለምን ቁልቁለት ላይ እንደሚወርዱ ሳትስቁ ጠይቋቸው።

ሽማግሌውን ቱቦውን እንዲለውጡልን ለመንናቸው። «በናስ መበየዱን እችላለሁ» አሉ፤ «እንዲህ ያለ ስስ ቱቦ ግን እዚህ የለኝም። የውኃ ቱቦ አስገብቼ ሰው አላሳፍርበትም።» ስለዚህ ፍሬሙ እስከ ዛሬ አልተጠገነም። ልጁ የተፋቀውን ቦታ እንዳይዝግ ዘይት ቀብቶ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ለፋሲካ ሻሸመኔ የሄደው በተዋሰው ብስክሌት ነው።

ከመስቀሉ በፊት አንድ ወረቀት አምጥቶ አጠገቤ ተቀምጦ ጻፈ። አያቱ በጋሪ መጋጨታቸውን፣ ስቱኮውን፣ ስንጥቁ የት ላይ እንዳለ፣ ማን እንዳገኘውና ቀኑን። ወረቀቱን ጠቀለለው፣ በፕላስቲክ ሸፈነውና በኮርቻው ቱቦ ውስጥ ከተተው።

«ለማን ነው?» አልኩት።

«ለሚጠግነው ሰው» አለኝ።